በሕይወት ስለ መትረፍ የሚናገሩ መጻሕፍትና ፊልሞች፤ ለአዛውንቶች የትኞቹ ይሆናሉ?

ጠባሴ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የዕድር አዳራሽ እሑድ ከሰዓት የሚሰበሰቡ 14 አዛውንቶች አሉ። ትንሹ 66፣ ትልቁ 83 ዓመታቸው ነው። የሚፈልጉትን ለይተው ነግረውኛል፦ ሰው ባሕር ላይ ወይም በረዶ ውስጥ ቀርቶ እንዴት እንደተረፈ የሚያሳይ ፊልም፣ እንደዚያው ያለ የሚነበብ መጽሐፍ። ያለን ዕቃ 43 ኢንች ቴሌቪዥን፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፍላሽ ነው። እንግሊዝኛ የሚከተሉት ሁለት ብቻ ናቸው። አራቱ ፊደል አልቆጠሩም፣ ከቀሩትም አብዛኞቹ ደቃቅ ጽሑፍ አይታያቸውም። ጊዜያችን ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብርዱ አያስቀምጥም።

የትኞቹ ፊልሞች ይሻላሉ፣ የትኞቹስ ይቅሩ? ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሚጥም መጽሐፍ የቱ ነው? ደግሞ የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ ከፊልሙ ጋር በፍላሽ ስሰጠው ቴሌቪዥኑ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ይህስ በምን ይስተካከላል?

እህታችሁ።

ባና ለባሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ፊልሙ ውስጥ ምን ያህል እንደሚወራ እዪ። እነዚህ ሰዎች ብርድንም ረሀብንም ስለሚያውቁ ጩኸትና ሙዚቃ ብቻውን አያስደንቃቸውም። የሚይዛቸው የእጅ ሥራ ነው፦ ምን አነሣ፣ በምን አሰረ፣ ለምን አልያዘለትም። ይህን ቀስ ብሎ የሚያሳይ ፊልም ከሆነ ቋንቋው ባይገባም ይከተሉታል፣ እርስ በርስም ይሟገቱበታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ «ኦል ኢዝ ሎስት»ን አሳዪ። የ2013 ሥራ ነው፣ 106 ደቂቃ። ከዳር እስከ ዳር የሚታየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሮበርት ሬድፎርድ፣ ያኔ ዕድሜው ሰባዎቹን አጋምሶ ነበር። መግቢያው ላይ ከሚሰማው አጭር ደብዳቤ በቀር ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ደብዳቤው ስንብትና ይቅርታ ነው፤ ይህን ፊልሙ ሳይጀመር በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው፣ ሌላ አስተርጓሚ አያሻም። ሰውየው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ተኝቶ ሳለ ከመርከብ ወድቆ የሚንሳፈፍ የብረት ኮንቴይነር ጀልባውን ይበሳታል። ቀዳዳውን በጨርቅና በሙጫ ይደፍናል፣ የገባውን ውሃ በእጁ እየገፋ ያስወጣል፣ ጨው ውሃ የገባበትን ሬዲዮ ፈትቶ ያደርቃል። ኋላ የሚጠጣ ውሃ ሲያልቅበት ከባሕር ውሃ ንጹሑን የሚያወጣበት ዘዴ አለ፦ ጨዋማውን ውሃ ከዕቃ ሥር ያደርጋል፣ መሐሉ ላይ ባዶ ጣሳ ያስቀምጣል፣ አፉን በላስቲክ ይሸፍናል። ፀሐይ ስትመታው እንፋሎቱ ላስቲኩን ነክቶ ጣሳው ውስጥ ይንጠባጠባል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያለ አንድ ቃል ይረዳል፤ ጨው እንደ አተላው ከታች ይቀራል። እዚያ ቦታ ላይ ፊልሙን አቁመሽ አነጋግሪያቸው።

ቀጥሎ ሁለት ድምፅ አልባ ጥንታዊ ፊልሞች። «ሳውዝ» በ1919 የወጣ ነው። ፍራንክ ሀርሊ የአንታርክቲካውን አሳሽ የሻክልተንን ጉዞ እዚያው በረዶው ላይ ሆኖ የቀረጸው ስለሆነ ኢንዱራንስ የተባለችው መርከብ በበረዶ ተጨፍልቃ ስትሰበር የሚታየው እውነተኛው ነገር ነው፣ የተሠራ አይደለም። «ናኑክ ኦፍ ዘ ኖርዝ» የ1922 ነው፣ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ትንሽ ይበልጣል። ሰሜን ካናዳ ውስጥ የበረዶ ቤት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲሠራ ያሳያል፦ ጡቡን በቢላ ይቆርጣል፣ እየጠመዘዘ ይደረድራል፣ ለመስኮት ብርሃን የሚያሳልፍ ግግር በረዶ ይተክላል፣ ከጎኑ ብርሃኑን ወደ ውስጥ የሚመልስ የበረዶ ጡብ ያቆማል። ጎጆ የሠራ ሰው ዓይኑን አይነቅልም። ሁለት ነገር አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አንደኛ፣ አንዳንዱ ትዕይንት ለካሜራ ተብሎ የተደረገ ነው፤ የቤቱ ውስጥ ጨለማ ስለነበር የተቀረጸው ግማሹ ክፍት በሆነ ቤት ነው። ሁለተኛ፣ የአደንና የጥሬ ሥጋ ትዕይንት ስላለበት በጾም ወራት ባይታይ ይሻላል። በሁለቱም ፊልሞች ላይ በየመሐሉ የሚመጡትን የጽሑፍ ሰሌዳዎች እያቆሙ በአማርኛ መናገር ብቻ ነው የሚቀርሽ።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው «ዴርሱ ኡዛላ» ነው፤ አኪራ ኩሮሳዋ በ1975 ሩሲያ ውስጥ የሠራው። የሳይቤሪያ ሽማግሌ አዳኝ ለመሬት ቀያሾች መንገድ ይመራል። በረዶ በያዘ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሣና ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቱ ሰዎች እስኪዝሉ ሣር እያጨዱ መጠለያ የሚሠሩበት ትዕይንት አለ። ለምን ሣር? ሌላ ምንም የለም፤ በነፋስ ውስጥ ቆሞ የመሸበት ሰው ደግሞ አይነጋለትም። የጓሳን ሣር ለቤት ክዳን የሚያውቅ አገር ይህን ማንም ሳያስረዳው ያየዋል። ሌላም ቦታ አለ፦ ዴርሱ ካደሩበት ባዶ ጎጆ ሲወጣ ለማያውቀው መንገደኛ ሩዝ፣ ጨውና ክብሪት ትተን እንሂድ ይላል። ፊልሙ ሁለት ክፍል ስለሆነ በሁለት እሑድ ክፈዪው። ሁለተኛው ክፍል ዓይኑ እየደከመ የሚሄድ ሽማግሌ ነገር ነው፤ ከባድ ነው፣ ለእነሱ ግን የሚቀርብ ነው።

«ካስት አዌይ» (2000፣ 143 ደቂቃ) ደሴቱ ላይ ያለው ክፍል ግሩም ነው። እንጨት በእንጨት ፈትጎ እሳት ለማውጣት ሲሞክር በተደጋጋሚ ይከሽፍበታል፣ መጨረሻ ላይ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ሲያገኝ ይያዝለታል። ግን መግቢያውና መውጫው ወሬ ብቻ ነው። የአውሮፕላኑ መውደቅ ጩኸቱ ከባድ ስለሆነ ድምፁን አስቀድመሽ ቀንሺ፤ ጥርሱን በራሱ የሚነቅልበትንም ቦታ አሳልፊው።

በአማርኛ የሚናገር ከፈለግሽ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (2015) አለ። እናቱን ረሀብ የወሰደችበት ልጅና በጉ፣ ዘመድ ቤት የተተወ፣ በጉ ለበዓል እንዳይታረድበት የሚታገል። አገሩ በግ አርቢ ነውና እንደ ቀላል የልጅ ታሪክ አያዩትም።

የማልመክራቸው፦ «127 ሰዓታት» ክንድ ስለሚቆረጥበት፣ «ዘ ሬቨናንት» ደሙ ስለሚበዛና 156 ደቂቃ ስለሆነ፣ «ዘ ማርሺያን» ድንች ቢበቅልበትም ከዳር እስከ ዳር ንግግር ስለሆነ። ስለ አንዲስ ተራራው የአውሮፕላን አደጋ የተሠራውንም «የበረዶው ማኅበር»ን አታሳዪ።

መደርደሪያ፦

ስለ መጽሐፉ እኔ ልመልስ። ከይዘቱ በፊት የፊደሉን መጠን እዪ። የአማርኛ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ የሚታተመው በ10 ወይም 11 ነጥብ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ድምፁን የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው፦ «ቡ» እና «ቢ»፣ «ቱ» እና «ቲ» የሚለያዩት ጭረቷ መሐል ወይም ግርጌ በመሆኗ ብቻ ነው። ዓይን ሲደክም መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ጭረት ናት። ስለዚህ አንባቢው ቃሉን ይገምታል፣ ይሳሳታል፣ ይሰለቻል። ራሳቸው ለሚያነቡት የዕለቱን ምንባብ ከኤ5 ወደ ኤ4 በ141 በመቶ አሳድገሽ ቅጂ፤ 11 ነጥብ የነበረው 15 ተኩል ይሆናል። ራስሽ የምትተይቢው ከሆነ 18 አድርጊው። መብራቱ ከበስተኋላ በትከሻ በኩል ይምጣ፣ ከፊት ከመጣ ወረቀቱ ያንጸባርቃል።

ጮክ ብሎ ለማንበብ አንድ ገጽ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይፈጃል። 10 ገጽ ለአንድ ቀን ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን እንቅልፍ ይመጣል። ንባቡ እንዴት መሆን እንዳለበት ለማወቅ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ የተረከበትን መስማት ነው፤ ዝምታው ራሱ ይናገራል። አንባቢሽ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለብቻው አንብቦት ይምጣ።

«የሐበሻ ጀብዱ»ን አስቀድሚ። አዶልፍ ፓርለሳክ የተባለው የቼክ ሰው በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ከራስ ካሳ ጦር ጋር በሰሜን ግንባር ያየውን የጻፈው ነው፤ ተጫነ ጆብሬ መኮንን ከቼክኛ በቀጥታ ወደ አማርኛ መልሰውታል። የራስ ካሳ መቀመጫ ፍቼ ነበርና ከዚህ አገር ስንቱ ሰው ከዚያ ጦር ጋር እንደ ዘመተ አድማጮችሽ ያውቃሉ። ከመጀመሪያው ገጽ አትነሺ። ጉዞውንና የአየር ድብደባውን፣ በተለይም ማፈግፈጉን የሚናገሩትን ምዕራፎች ምረጪ፤ ስንቅ፣ የእግር ቁስል፣ በቀን መደበቅና በሌሊት መጓዝ፣ በሕይወት የመትረፉ ነገር ሁሉ እዚያ ነው። የመርዝ ጋዙ ቦታ ሲደርስ ቀስ በሉ። ምንጃርና መንዝ ውስጥ፣ በተለይ ጣሊያን በመርዝ ጋዝ ሰው ስለጨረሰበት የዘረት ዋሻ ከቤተሰቡ የሰማ ሰው ከመካከላቸው ሊኖር ይችላል። ከወረራው በኋላ ስላሉት አምስት ዓመታት ደግሞ የታደሰ ዘወልዴ «ቀሪን ገረመው» (1960 ዓ.ም.) አለ፣ የቆየ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፈልጊው።

«ነገም ሌላ ቀን ነው» ሁለት ጊዜ የመትረፍ ታሪክ ነው። ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው፣ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርከው የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ ነው፤ ይህን ብቻ ብትነግሪያቸው ለመስማት ጆሯቸውን ይሰጡሻል። መጽሐፉ ትልቅ ነው። ባለታሪኳ ስካርሌት ከሚቃጠለው ከተማ ሸሽታ ወደ እርሻው የምትመለስበትን፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ የምታገኝበትንና ከመሬት ሥር ቆፍራ የምትበላበትን ክፍል ብቻ ውሰጂ፤ ሦስት እሑድ ይሞላል። አንድ ነገር ግን በግልጽ ይነገር፦ ታሪኩ የተጻፈው በባሪያ አሳዳሪዎቹ ወገን ቆሞ ነው።

እንግሊዝኛ የሚያነብ ወጣት ካለሽ የሄሚንግዌይን «ሽማግሌውና ባሕሩ» በአፉ ይተርክላቸው። አጭር ነው። ሽማግሌው 84 ቀን ዓሣ ሳይዝ ቆይቶ ትልቁን ሲያገኝ ገመዱን ለምን ከጀልባዋ ጋር አያስረውም? ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ፦ የታሰረ ገመድ ዓሣው በድንገት ሲጎትት ይበጠሳል፤ በጀርባው ይዞ ግን ሲከብድ ይለቅለታል፣ ሲላላ ይሰበስባል። ጉልበተኛ በሬ ያሠለጠነ ሰው ይህን ያውቃል።

የሻክልተንንም ታሪክ ቢሆን በአፍ ማውራት ነው የሚሻለው፣ «ሳውዝ»ን ከማየታቸው በፊት በነበረው እሑድ። 28 ሰው ነበሩ። መርከቧ ከሰጠመች በኋላ በሦስት ትንንሽ ጀልባ አንድ ባዶ ደሴት ደረሱ። 22ቱ ሁለት ጀልባ ገልብጠው ከሥሩ ከአራት ወር በላይ ኖሩ፤ ስድስቱ 7 ሜትር በማትሞላ ጀልባ ዕርዳታ ፍለጋ ሄዱ። ከባሕሩ ሲወጡ ደግሞ የበረዶ ተራራ ስለገጠማቸው ከጀልባዋ ብሎን ፈትተው እንዳያንሸራትታቸው ጫማቸው ሥር ተከሉ። ነሐሴ ውስጥ በ1916 የቀሩትም ወጡ፣ ከ28ቱ አንድ አልጎደለም።

ገመድ፦

ስለ ሳጥኑ። ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፎንት የለውም፣ ነገሩ ይኸው ነው። የትርጉም ፋይሉን መላልሶ ማስተካከል አይፈታውም።

ቀላሉ መንገድ ቴሌቪዥኑን እንደ መስተዋት ብቻ መጠቀም ነው። ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኚና ፊልሙን ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ አጫውቺ። የትርጉም ፋይሉ ከፊልሙ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ፣ በአንድ ስም ይቀመጥ። በኖትፓድ ስታስቀምጪው ከታች ኢንኮዲንግ የሚለውን ዩቲኤፍ-8 አድርጊው፤ ይህ ከተሳሳተ ሳጥን ሳይሆን የተዘበራረቀ ምልክት ነው የሚመጣው፣ በዚያ ትለዪዋለሽ። ከዚያ ቪኤልሲ ውስጥ በትርጉም ጽሑፍ ማስተካከያው ፎንቱን ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ምረጪ። የፊደሉ ቀለም ቢጫ፣ ከኋላው ጥቁር መደብ ይሁን፤ የመረጣችሁት ፊልም ግማሹ በረዶ ነው፣ ነጭ ጽሑፍ በረዶ ላይ ይጠፋል። ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ ወይም ከዘገየ የጂ እና የኤች ቁልፎች በጥቂት በጥቂቱ ያንቀሳቅሱታል።

በፍላሽ ካልሆነ አይሆንም ካልሽ ጽሑፉን ሃንድብሬክ በተባለው ፕሮግራም ፊልሙ ላይ ማተም አለብሽ፣ «በርን ኢን» የሚለውን ምልክት አድርገሽ። ያ ከሆነ ቴሌቪዥኑ የሚያየው ሥዕል ብቻ ስለሆነ ፎንት አይጠይቅም። ሙሉውን ከማስጀመርሽ በፊት የሁለት ደቂቃ ቁራጭ ሞክሪ፣ አለዚያ ሰዓታት ጠብቀሽ ስሕተት ታገኛለሽ። ፍላሹ በፋት32 የተፎረመተ ከሆነ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ራስሽ የምትተረጉሚ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር፣ በመስመር ከ25 ፊደል አይብለጥ፣ ቢያንስ 5 ሴኮንድ ይቆይ። የተባለውን ሁሉ አትተርጉሚ፤ ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰውን ብቻ። ወንበሮቹ በሁለት ረድፍ እንደ ጨረቃ ይደርደሩ፣ የኋለኛው ከ2 ሜትር ተኩል ባይርቅ። ከዚያ በላይ በ43 ኢንች ላይ ጽሑፍ አይነበብም።

ድምፅ፦ ዕድሜ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው፣ እነ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ት»። ስለዚህ ድምፁን በሙሉ መጨመር አያግዝም፣ ጩኸቱ ብቻ ነው የሚጨምረው። ወፍራሙን ቀንሺ፣ ቀጭኑን ከፍ አድርጊ። የአብዛኛው ቴሌቪዥን ድምፅ ማውጫ ወደ ኋላ ወይም ወደ ታች ስለሆነ ትንሽ የውጭ ስፒከር በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ፊት ለፊት አስቀምጪ።

የጓሳ ዳር፦

ባና ለባሽ፣ በብዙው እስማማለሁ፣ «የበረዶው ማኅበር»ን መከልከሉ ግን አልተዋጠልኝም። እንዲያውም ለዚህ አገር ሰው ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው።

አውሮፕላኑ ጥቅምት 13 ቀን 1972 በፈረንጆቹ የወደቀበት ቦታ ከፍታው 3,500 ሜትር አልፎ ትንሽ ነው። የመንዙ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ከፍታው አንድ ሆኖ ለምን እዚያ ሰው እስከ ዜሮ በታች 30 በሚደርስ ሌሊት በረዶ ላይ ሲያልቅ እዚህ በግ ይሰማራል? እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ነው፤ እነሱ ከዚያ ሦስት እጥፍ ይርቃሉ። ይህን ብቻ በካርታ አሳይቶ መጀመር ይቻላል።

የእጅ ሥራ ካላችሁ ደግሞ ሞልቷል። ከ45ቱ 16 በ72 ቀን የተረፉት በዘዴ ነው። በረዶ መብላት አፍ ያቆስላል፣ ሰውነትም ያቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ከወንበር ጀርባ ያወጡትን አልሙኒየም አጥፈው ፀሐይ ላይ እያደረጉ በረዶውን ወደ ጠርሙስ አቀለጡ። ዓይናቸው በነጸብራቁ እንዳይታወር ከአብራሪው ክፍል የፀሐይ መከላከያ መነጽር ሠሩ። ከአውሮፕላኑ ጭራ ባገኙት የሙቀት መከላከያ የመኝታ ከረጢት ሰፉ። ፈላጊዎቹስ ለምን አላዩአቸውም? አውሮፕላኑ ነጭ ነበር። መጨረሻ ላይ ሁለቱ 10 ቀን በእግር ተጉዘው ያገኙት ሰው እረኛ ነው፤ የወንዙ ድምፅ ስላላስደመጣቸው ወረቀትና እርሳስ በድንጋይ አስሮ ወረወረላቸው። አዛውንቶቹ እዚህ ቦታ ላይ ዝም የሚሉ አይመስለኝም።

የሟቾችን ሥጋ መብላታቸውን ግን ተደብቆ መሐል ላይ አይድረስባቸው። ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ይነገር፣ ማየት የማይፈልግ ሰው በክብር ይቅር። ፊልሙ በዝርዝር አያሳየውም፣ ግን ሲወስኑ ያለው ክርክር ረጅም ነው። 144 ደቂቃ ስለሆነ በሁለት እሑድ ከፍሎ የመጀመሪያውን ከበረዶ ናዳው በኋላ ማቆም ጥሩ ነው።

ባና ለባሽ፦

የጓሳ ዳር፣ የከፍታው ነገር አሳምኖኛል። «ይቅር» ያልኩትን «መጨረሻ ላይ ይሁን» በሚል አስተካክሉልኝ። በጾም ወራት ግን አይሆንም፣ በዚያ አልለወጥም።

ጠባሴ፦

አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ነው ያገኘሁት። አንድ ቀረኝ። ከመካከላቸው የ66ቱንም የ77ቱንም ረሀብ በቅርብ ያዩ አሉ። «ላምብ»ን ሳሳይ ምን ልጠንቀቅ? ፊደል ላልቆጠሩት አራቱስ የሚተርከው ሰው የት ይቁም፣ ምን ያህል ይናገር?

ባና ለባሽ፦

ተራኪው ከቴሌቪዥኑ ጎን ፊቱን ወደ ሰዎቹ አድርጎ ይቁም፤ ከኋላ ሆኖ ቢናገር ከንፈሩን አያዩም፣ ጆሮ የደከመው ሰው ደግሞ ግማሹን የሚሰማው በዓይኑ ነው። አራቱ እሱ አጠገብ ይቀመጡ። የሚታየውን አይናገር፣ የማይታየውን ብቻ፦ ስም፣ ያለፈው ቀን ብዛት፣ የተባለው ነገር ፍሬ። በአንድ ትዕይንት ከሁለት ዓረፍተ ነገር ካለፈ ፊልሙን አቁሞ ይናገር። በየ40 ደቂቃው ለ10 ደቂቃ ዕረፍት ይሁን፣ ሻይና ቆሎ ያኔ ይምጣ፤ ቆሎ ፊልሙ እየሄደ ከተሰጠ ድምፁ ንግግሩን ይሸፍናል።

«ላምብ»ን ከአምስተኛው እሑድ በፊት አታድርጊው። ሰዎቹ ተለማምደው፣ ማን የት እንደሚያዝን አውቀሽ። ሲጀመር እናቲቱ በረሀብ እንደ ሞተች ተናገሪ፣ ሳያስቡት አይምጣባቸው። በር አጠገብ ሁለት ወንበር ባዶ ይቀመጥ፣ መውጣት የፈለገ ሰው መላ አዳራሹን እያቋረጠ እንዳይወጣ። ሲያልቅ መብራቱን ወዲያው አታብሪ፤ ጽሑፉ አልፎ እስኪያበቃ ተዪው። ከዚያ «እናንተስ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ስለ በጉ ጠይቂ፣ ዝርያው ከየት እንደሚመስላቸው፣ ጠጉሩን እንዴት እንዳዩት። የፈለገ ሰው ከበጉ ተነሥቶ ራሱ ወደ 77 ይሄዳል።